ኮምጣጤ የሚሸት ፈረስ፣ ባርኔጣው የጠፋ ፈረሰኛ፦ የድሮ ፕላስቲክ ምስሎችን መለየት፣ ማጠብና ማቃናት

ዳማ_ፈረስ (ክር ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ካርቶን ውስጥ አብረው የተቀመጡ ሦስት ዓይነት የድሮ ፈረሰኞች አሉ። ማጠብ ከመጀመሬ በፊት የምታውቁ እንድትመሩኝ ነው።

ሀ. ትልልቆቹ። ከሰኮናው እስከ ፈረሰኛው አናት 24 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናሉ። ፈረሰኛው ከኮርቻው ይነሳል፣ ኮርቻውም ከፈረሱ ይወልቃል። ከሁለቱ ፈረሰኞች በቀር ሌሎቹ ባርኔጣና ሽጉጥ የላቸውም። አንደኛው ነጭ ፈረስ ሆዱ አካባቢ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ የኋላ እግሩ ስለተጣመመም ወደ ጎን ያዘነብላል። ካርቶኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ከዚህኛው ነው።

ለ. ትንንሾቹ። 54 ሚሜ መጠን የሚባሉት። ካውቦይና ባላባት ተዋጊዎች ናቸው፣ ወገባቸውና አንገታቸው ይዞራል። የአንዳንዶቹ ጎራዴ እንደ ቀስት ጎብጧል።

ሐ. በእጅ ቀለም የተቀቡ፣ 7 ሴ.ሜ የሚሆኑ፣ ሥራቸው የጀርመን የሆኑ። አንዱ ፈረስ እግሩ ላይ ተሰንጥቆ ውስጡ ዝገት የያዘ ሽቦ ይታያል።

ጥያቄዎቹ፦ ሁሉንም በሳሙና ውኃ አንድ ላይ ማጠብ ይቻላል? የተጣመመ እግር እንዴት ይቃናል? የጎደለውንስ ባርኔጣ አዲስ በተሠራ መተካት ነውር ነው?

ኮርቻ_ሠሪ

ወንድሜ፣ አንድ ላይ ውኃ ውስጥ እንዳትከታቸው። በተለይ ሐ ያልከውን ውኃ አታስነካው። ሽቦ የሚታየው ፈረስ ፕላስቲክ አይደለም።

ኤላስቶሊን በሚል ስም የሚታወቁትን ምስሎች የሠራው ሃውሰር የተባለው የጀርመን ድርጅት ነው። መጀመሪያ የሚሠራቸው ከእንጨት ዱቄት፣ ከሙጫና ከነጭ ሸክላ አፈር በተቦካ ሊጥ ነበር፤ ሊጡ በሽቦ አጥንት ላይ ይጨመቅና ይደርቃል። ወደ ጠንካራ ፕላስቲክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ሁለቱም ቀለም ከተቀቡ በኋላ በፎቶ አይለዩም። ሊጡ ውኃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሽቦው ይዝጋል፣ ዝገቱም ቦታ ስለሚፈልግ እግሩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ያየኸው ስንጥቅ የዚህ ውጤት ነው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፍና አቁም። የተሰነጠቀውን ለመዝጋት ብለህ እንዳትጫነው፤ ከውስጥ ዝገቱ ስላበጠ ሁለቱ ጠርዞች ተመልሰው አይገጥሙም፣ ቀለሙ ግን ይረግፋል።

መለያው ቀላል ነው። የመቆሚያውን ሥር ወይም የተላጠ ጥግ በማጉያ መነጽር እይ። ፕላስቲክ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ለስላሳና አንድ ወጥ ነው። ሊጡ ቡናማ ወይም ግራጫ፣ ሻካራ፣ አንዳንዴም ጭረት ጭረት ያለው ነው። በጥፍር ስትነካው የሚያሰማው ድምፅም ይለያል፤ ፕላስቲኩ ቀጭን ድምፅ አለው፣ ሊጡ ደንቆሮ ነው።

ለቀሩት ሁለቱ የፕላስቲኩን ዓይነት መለየት ግድ ይላል። ሁለት ብርጭቆ ይበቃሃል። በአንዱ ተራ ውኃ፣ በሌላው 300 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ 100 ግራም ጨው አሟሙተህ አድርግ። በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምር፤ ያለ ሳሙናው ቀላል ዕቃ በውኃው ቆዳ ላይ ይቀመጥና ያታልልሃል።

በተራ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ፖሊኤቲሊን ነው። በተራው ሰጥሞ በጨዉ የሚንሳፈፍ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው። በሁለቱም የሚሰጥም ጠንካራ ከሆነ ሴሉሎስ አሲቴት፣ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ ከሆነ ፒቪሲ ነው ብለህ ጀምር።

ዳማ_ፈረስ

ትልቁ ፈረስ ግን ባዶ ሆድ ነው መሰለኝ። በየትኛውም ውኃ ላይ መንሳፈፉ አይቀርም እኮ?

ኮርቻ_ሠሪ

ልክ ነህ፣ ይህን ሳልጽፈው ቀርቼ ነው። ፈረሱን ሳይሆን ድፍን የሆነውን ዕቃ ፈትን፦ ሽጉጥ፣ ባርኔጣ፣ ወይም የወለቀውን ኮርቻ። ኮርቻው ከፈረሱ የተለየ ፕላስቲክ ሊሆን እንደሚችል ግን አስብ። ከፈተናው በኋላ የጨዉን ውኃ በተራ ውኃ አለቅልቀህ አድርቅ።

ትልቁን ፈረስ መንከር የሌለበት ሌላም ምክንያት አለ። ሁለት ግማሽ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ በስፌቱ ስንጥቅ ወይም ብዙዎቹ አፍንጫና አፍ አካባቢ ባላቸው ትንሽ የአየር ቀዳዳ ውኃ ይገባል። የገባው ውኃ ለሳምንታት አይወጣም። ካነቃነቅከውና ውስጡ ከቦጨቀ በቀዳዳው በኩል ወደ ታች ዘቅዝቀህ ሶፍት ላይ አስተኛው። በፎን ሙቀት ለማድረቅ አትሞክር፤ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ስፌቱን ይከፍተዋል።

በጋለ መርፌ ወግቶ ማሽተት የሚባለውን ምክርም አትስማ። ዕቃውን ያበላሻል፣ ከዚያም በላይ የጥንት ሴሉሎይድ ከሆነ ይቀጣጠላል። ሴሉሎይድ በጣም ቀላልና ቅጠል የሚያህል ስስ ነው፤ በጣትህ ፈትገህ ብታሸተው የካምፎር ሽታ አለው። እንዲህ ያለ ከተገኘ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ከሙቀት ርቆ ይቀመጥ።

አሮጌ_ካርቶን

ስለ ሀ ልመልስ። መጠኑም አሠራሩም ሃርትላንድ ነው የሚመስለው። ሃርትላንድ ፕላስቲክስ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ሃርትላንድ በምትባል መንደር የነበረ ፋብሪካ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ቁጠሩልኝ) የቴሌቪዥንና የታሪክ ፈረሰኞችን ያወጣ ነበር፦ ሎን ሬንጀር ከነፈረሱ ሲልቨር፣ ቶንቶ ከስካውት፣ ሮይ ሮጀርስ ከትሪገር፣ ዴል ኢቫንስ ከበተርሚልክ፣ ጄኔራል ሊ ከትራቨለር፤ ዋያት ኧርፕ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ጄኔራል ከስተርም አሉ።

ለሰብሳቢ ፈተና የሚሆነው ፋብሪካው አንድን የፈረስ ሞልድ ለብዙ ፈረሰኞች መጠቀሙ ነው። ያው ፈረስ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ዳማ፣ አንዴ ጉራቻ ሆኖ ይወጣል፤ ማን እንደሚቀመጥበት የሚነግርህ ቅርጹ ሳይሆን ቀለሙና ኮርቻው ነው። ስለዚህ በየእጁ ሲዞር ፈረሰኛው ተቀይሮ የተሸጠ ስብስብ ብዙ ነው። ለማጣራት ፈረሰኛውን አንሳና ኮርቻውን በጎን ብርሃን እየው። ለዓመታት አብረው የኖሩ ከሆኑ የእግሩ ጥላ በንጹሕ ቀለም ተቀርጾ ይታያል፣ ዙሪያው ይደበዝዛል። ጥላው ከእግሩ ጋር ካልገጠመ የሌላ ሰው ፈረስ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ብራየርንም አትርሳ። ያ ድርጅት በቺካጎ በ1950 የጀመረው ለሰዓት ማስጌጫ በተሠራ አንድ ኮርቻ የተጫነ ፈረስ ነው። በኋላ ዴቪ ክሮኬትን፣ ሮቢን ሁድንና የካናዳ ፈረሰኛ ፖሊስን የመሰሉ ፈረሰኞችም አወጣ። በኋላ ዘመን የመጡት ፈረሶች በኋላ እግር የውስጥ በኩል ማኅተም አላቸው፤ ቀደምቶቹ ላይኖራቸው ስለሚችል ማኅተም የለም ብለህ አትጣል።

ሁለቱም የተጠቀሙት ሴሉሎስ አሲቴት ነው። የኮምጣጤው ሽታም ከዚሁ ነው የሚመጣው። አሲቴቱ በእርጥበትና በሙቀት ሲፈርስ አሴቲክ አሲድ ይለቃል፣ የተለቀቀው አሲድ ደግሞ መፍረሱን ያፋጥነዋል። ራሱን በራሱ የሚነዳ ነገር ነው። በዚያ ላይ ፕላስቲኩን ለስላሳ ያደረገው ዘይት መሰል ማለስለሻ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲነካ የሚያጣብቅ ላብ ወይም ነጭ ዱቄት ሆኖ ታየዋለህ። ማለስለሻው በወጣ ቁጥር አካሉ ይጠብባል፣ እግሩ ይጣመማል፣ ስፌቱ ይከፈታል። መድኃኒት የለውም፣ ማዘግየት ብቻ ነው ያለው።

ዛሬውኑ የምታደርገው፦ የሚሸተውን ከሌሎቹ ለይ። ጤነኛው አሲቴት ከታመመው ጋር በአንድ የተዘጋ ሳጥን ከቆየ አሲዱን ይተነፍሳል። ፌስታል ወይም የሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ አታስገባው። አየር በሚያገኝ ክፍት ካርቶን፣ ሥሩ አሲድ የሌለው ወረቀት ተነጥፎ፣ የነቃ ከሰል በጨርቅ ከረጢት ከጎኑ ተቀምጦለት፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቀዝቀዝ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ላቡን በለብታ ውኃና በጥቂት ጠብታ ለስላሳ ሳሙና በነከረ የጆሮ ጥጥ ጥረግ፣ ወዲያው በደረቅ አብስ። አልኮልና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈጽሞ አይነካው። አሴቶን አሲቴትን ያሟሟል፤ የነካው ቦታ በሰከንድ ደብዝዞ ይቀራል።

ጉራቻ54

ለ የኔ ፋንታ ናት።

ወገብና አንገት የሚዞሩት ሁለት ቤተሰብ ናቸው። ብሪቴንስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ስዎፔት የሚባሉትን በ1950ዎቹ መጨረሻ አወጣ። ሽጉጡ ከአፎቱ እስኪወጣ ድረስ የተነጣጠሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሏቸው፣ ዝርዝራቸውም በቀለም የተነካ ነው። ቲምፖ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። በ1960ዎቹ በተለያየ ቀለም ያለውን ፕላስቲክ በአንዱ ላይ ሌላውን እየደረበ በሞልድ መውጋት ጀመረ። ፊቱ፣ ሸሚዙ፣ ቀበቶው ሁሉ የፕላስቲኩ የራሱ ቀለም ነው፤ የሚላጥ ቀለም የለም። በማጉያ ስታየው የሁለት ቀለም ድንበር ላይ የብሩሽ አሻራ ከሌለና በጥፍር ትንሽ ደረጃ ከተሰማህ ቲምፖ ነው።

ሄራልድ በሚለው ስም ከወጡት የብሪቴንስ ምስሎች ሥራቸው ላይ ሆንግ ኮንግ የሚል ካለ ምርቱ ወደዚያ ከሄደ በኋላ፣ ማለትም ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የወጡ ናቸው። መቆሚያው ከብረት የሆነው ዲቴይል የሚባለው ተከታታይ ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ነው፤ ከስዎፔት ጋር ደባልቆ የሚሸጥ ስላለ መቆሚያውን ገልብጦ ማየት ነው።

እነዚህ ትንንሾች በአብዛኛው ፖሊኤቲሊን ናቸው። ጥሩ ጎኑ ውኃና ሳሙና አይፈሩም። መጥፎው ሁለት ነው። ቀለም አይዝም፤ ፖሊኤቲሊን ምንም የማይጣበቅበት ሰም የመሰለ ገጽ ስላለው ቀለሙ ተቀምጦበት እንጂ ተይዞ አይደለም። ስለዚህ ለ10 ደቂቃ መንከር፣ በለስላሳ ብሩሽ መደባበስ፣ መፈተግ ግን የለም። ሌላው ማርጀቱ ነው። ብርሃንና አየር ለዓመታት ሲሠሩበት ይደርቅና እንደ ብስኩት ይሰበራል። በአንድ ስብስብ ውስጥ አንዱ ቀለም ደህና ሆኖ ሌላው ሲንኮታኮት ማየት የተለመደ ነው፤ ቀለም ሰጪው ቅመም የፕላስቲኩን ዕድሜ ስለሚለውጥ ነው። ጎራዴውን በጣት እያጎበጡ መፈተን የመጨረሻው ፈተና ይሆናል፣ ምክንያቱም ፈተናውን የወደቀው ሁለት ቦታ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

የጎበጠ ጎራዴ ለማቃናት፦ 70 ዲግሪ የሆነ ውኃ (የሚፈላ አይደለም፣ ቴርሞሜትር ተጠቀም)፣ ጎራዴውን ብቻ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ንከር፣ በሁለት ጣት ቀስ ብለህ መስመር አስይዘውና እዚያው እንደያዝክ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ አስገባ። 30 ሰከንድ ሳትለቅ ያዝ። ፖሊኤቲሊን የቀድሞ ቅርጹን ስለሚያስታውስ ከልክ ትንሽ አሳልፈህ ወደ ተቃራኒው ብታዘነብለው ሲመለስ ቀጥ ይላል። አንዴ ካልሆነ ድገም እንጂ ውኃውን አታግል። ሳይሞቅ ማጠፍ ግን ነጭ መስመር ያወጣል፣ ያ ነጭ መስመር የስብራት መጀመሪያ ነው።

ዳማ_ፈረስ

የፈረሱን እግርም በዚሁ መንገድ ላቃናው?

ኮርቻ_ሠሪ

የሚሸተውን? አይሆንም። ማለስለሻው የወጣ አሲቴት ሲሞቅ ከመለስለስ ይልቅ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ሙቀትና እርጥበት በሽታውን የሚያፋጥኑት ሁለቱ ናቸው፤ በሙቅ ውኃ መንከር ሁለቱንም አንድ ላይ መስጠት ነው።

ሽታ የሌለው፣ ላብ የማያወጣ፣ ስፌቱ የተዘጋ አሲቴት ፈረስ ከሆነ ግን ይቻላል። ከ60 ዲግሪ ጀምር። እግሩን ብቻ፣ እስከ ጉልበቱ ድረስ፣ ከ1 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ። አካሉ ከውኃው በላይ ይቆይ። ካልታዘዘ 5 ዲግሪ እየጨመርክ እስከ 75 ሂድ፣ ከዚያ በላይ ቀለሙ ይጠቁራል ወይም ይቋጥራል። ወደ ምትፈልግበት አቅጣጫ አንዴ ሳይሆን ሦስት አራት ጊዜ ጥቂት በጥቂት። በቀዝቃዛ ውኃ አጥብቅና ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አቁመው። አራቱ ሰኮናዎች ነክተው ወረቀት በአንዱም ሥር የማያልፍ ከሆነ ተስተካክሏል።

ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የሚያዘነብለው ፈረስ ሁልጊዜ ጥፋቱ በሚታየው እግር አይደለም። የፊት እግሩ 1 ሚሜ ወደ ውስጥ ገብቶ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎት ሊሆን ይችላል። ከማሞቅህ በፊት በእያንዳንዱ ሰኮና ሥር ወረቀት አስገብተህ የትኛው እንደተንጠለጠለ ለይ።

እርካብ

ሰላም ለመድረኩ። ቢጫውን በተመለከተ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የነከረ ሶፍት ያልተቀባው ቦታ ላይ አልብሶ በላዩ ስስ ላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ ማድረግ ይሠራል። በየ2 ሰዓቱ እያዩ፣ ሶፍቱ እንዳይደርቅ እያራሱ፣ ከ2 እስከ 3 ቀን። ቀለም የተቀባውን ጋማና ሰኮና መሸፈን አይረሳ።

አሮጌ_ካርቶን

እርካብ፣ ዘዴው ነጭ ማድረጉን አልክድም። ግን ለየትኛው ቢጫ ነው? የሲጋራ ጭስ ቅባት ከሆነ ሳሙና ይበቃዋል። ብርሃን ሳያገኝ በሳጥን ውስጥ ኖሮ የመጣ ቢጫ ከሆነ የመስኮት ብርሃን ብቻውን ያነሳዋል። ፕላስቲኩ ራሱ እየፈረሰ ያመጣው ቢጫ ከሆነ ግን ለጥቂት ጊዜ ነጥቶ ይመለሳል፣ አንተም በፀሐይና በእርጥብ ሶፍት ዕድሜውን ቀንሰህለታል። በላስቲክ መጠቅለሉ ደግሞ እሳት ላይ ቤንዚን ነው።

እርካብ

ልክ፣ ለሚሸተው ፈረስ አይሆንም፤ ይህን ቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ። ለጤነኛው ግን አልተውም። በሙቀት ፋንታ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ፣ ከመስታወት ኋላ፣ ያለ ፐርኦክሳይድ 1 ሳምንት ማዞር ብቻ ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። በየቀኑ ጎኑን ካልገለበጡት ግማሽ ፊቱ ነጭ ግማሹ ቅቤ ሆኖ ይቀራል።

አሮጌ_ካርቶን

በዚህኛው ተስማማን። በነገራችን ላይ "ነጭ" የምትሉት ሁሉ ነጭ አይደለም። አንዳንዱ ከፋብሪካው ሲወጣ ክሬም ነበር። ኮርቻው ሥር ያለውን፣ ብርሃን ያልነካውን ቀለም አይቶ ከዚያ ጋር ማነጻጸር እንጂ እንደ ወተት እስኪሆን መንጣት የለበትም።

ልጓም_ያዥ

ወደ ባርኔጣው ጥያቄ ልግባ፣ ማንም አልነካውምና።

የትልልቆቹ ዋጋ ያለው በፈረሱ ላይ ሳይሆን በትርፍራፊው ነው፦ ባርኔጣ፣ ሽጉጥ፣ ጎራዴ፣ ባንዲራ፣ ዛብ። ፈረስ አይጠፋም፣ ሽጉጥ ግን ምንጣፍ ሥር ይቀራል። ስለዚህም ተመስሎ የሚሠራው እሱ ነው። ተመስሎ በተሠራ መተካት ነውር አይደለም፣ ሳይናገሩ መሸጥ ግን ማታለል ነው። ባርኔጣው የተተካ ከሆነ በውስጥ በኩል በቀጭን የማይጠፋ ብዕር "ቅጂ" ብሎ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው፣ ዕቃው ከእናንተ በኋላም ይዞራልና።

ለመለየት፦ ቅጂው ብዙውን ጊዜ ሬዚን ነው። ሬዚን በጎማ ቅርጽ ውስጥ ስለሚፈስ በማጉያ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ የአየር አረፋዎች አሉት፣ በተለይ በባርኔጣው ክንፍ ጠርዝ ላይ። ኦሪጂናሉ በግፊት የተወጋ ስለሆነ አረፋ የለውም፤ በምትኩ ፕላስቲኩ የገባበት ትንሽ ክብ ጠባሳና ቀጭን የመጋጠሚያ መስመር አለው። ቅጂው ከኦሪጂናሉ ላይ የተቀዳ ስለሆነ በጥቂቱ ያንሳል። በካሊፐር ከታወቀ ኦሪጂናል ጋር አነጻጽሩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሜ ቢያንስም ራስ ላይ ሲቀመጥ ይታወቃል፣ ወይ አይገባም ወይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ጠርዞቹም ደነዝ ናቸው፤ የሽጉጡን ቃታ ክብ እዩ፣ በቅጂው ላይ ብዙ ጊዜ ተደፍኖ ነው የሚገኘው።

የ365 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ባትሪም ይረዳል። በጨለማ ክፍል ሲበራ የተጠገነ ቦታ ላይ ያለው ሙጫና በኋላ የተቀባ ቀለም ከዙሪያው በተለየ ሁኔታ ያበራል ወይም ይጠቁራል። ይህ ማስረጃ ሳይሆን ፍንጭ ነው። ሁልጊዜ ጆሮና ጭራ ላይ ጀምሩ፣ የሚሰበሩት እነሱ ናቸውና።

ሞልዶችም እንደሚዘዋወሩ አትርሱ። የሃርትላንድ ፈረሶች በ1980ዎቹ እንደገና ወጥተዋል። እውነተኛ ሞልድ፣ ግን የ1950ዎቹ አይደለም። ቀለሙ ላይ ነው መፍረድ።

ጉራቻ54

ልጓም_ያዥ ሁሉን ጨርሶታል። የስብራት ነገር ብቻ ልጨምር።

ፖሊኤቲሊን በሱፐር ግሉ አይጣበቅም። የተጣበቀ ይመስላል፣ ከዚያ ሲነኩት ይለቅና ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። የፈረስ እግር ከተሰበረ መፍትሔው ሽቦ ነው። በሁለቱም የስብራት ገጾች መሃል በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ 0.5 ሚሜ የሆነ ቀዳዳ 4 ሚሜ ጥልቀት ብሳ፣ 0.6 ሚሜ የናስ ሽቦ 7 ሚሜ ያህል ቁረጥና በግፊት አስገባ። ሽቦው ከቀዳዳው ትንሽ መብለጡ ነው የሚይዘው። ቀዳዳውን መሃል ላይ ለማግኘት በአንዱ ገጽ ላይ በስቴኪኒ ጫፍ የቀለም ነጥብ አድርግ፣ ሁለቱን አገናኝተህ አንሳ፣ ነጥቡ በሌላው ላይ ይታተማል። በኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አትሞክር፤ ፕላስቲኩ ይቀልጥና መሰርሰሪያው ላይ ይጠመጠማል። የደረቀና የሚንኮታኮት ምስል ከሆነ ደግሞ እጅህን ሰብስብ፣ ቀዳዳው ራሱ ይሰነጥቀዋል።

አሲቴት ሱፐር ግሉን ይቀበላል፣ ግን ጢሱ ዙሪያውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፣ ያ ጉም ደግሞ ጥቁር ፈረስ ላይ አይደበቅም። በስቴኪኒ ጫፍ የምታክል ጠብታ፣ ማራገቢያ ከጎን።

እርካብ

ጉራቻ ጥቁርን ጥቁር ትላለህ? ስምህን እየረሳህ ነው ወንድሜ። ዝርዝር ስንጽፍ ጉራቻ፣ ዳማ፣ ቦራ እያልን ብንጽፍ እኮ ይሻላል። "ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቡናማ ፈረስ" ከማለት "ቦራ ዳማ" ማለት በሁለት ቃል ያልቃል።

ጉራቻ54

ተቀብያለሁ 😄

ልጓም_ያዥ

ለመግዛት ለምታስቡ፣ ሻጩን በፎቶ ጠይቁ፦ የሆዱን ሥር፣ የሁለቱን ጆሮዎች ጫፍ፣ የጭራውን መጋጠሚያ፣ ፈረሰኛው ተነስቶ ኮርቻው ብቻ፣ ፈረሱ ያለ ድጋፍ ቆሞ። በቃልም አንድ ጥያቄ፦ "ሲሸት ምን ይላል?" ብዙ ሻጭ ስለማያውቀው በቅንነት ይመልሳል።

ሲላክ ፈረሰኛውን ከፈረሱ ለዩ፤ ተቀምጦ የተላከ ፈረሰኛ መንገድ ላይ እንደ መጥረቢያ ይሠራል። በአራቱ እግሮች መሃል ለስላሳ ወረቀት ሙሉ፣ ከዚያ ውጭውን ጠቅልሉ። ባለ አረፋው ላስቲክ ምስሉን እንዳይነካ፤ አረፋዎቹ ክብ ክብ ማኅተም ይተዋሉ፣ አይለቅም። የላስቲክ ማሰሪያም ፕላስቲኩ ላይ ቀልጦ ይጣበቃል። ከካርቶኑ ግድግዳ በሁሉም በኩል 5 ሴ.ሜ ክፍተት ተሞልቶ ይቆይ።

ለመደርደሪያም አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንደ ጎማ የሚተጣጠፍ ዕቃ፣ ማለትም ፒቪሲ ዛብ ወይም ባርኔጣ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋር ተነካክቶ አይቀመጥ። የፒቪሲው ማለስለሻ ወደ ጠንካራው ይገባና የተኛበትን ቦታ ያቀልጠዋል። ማርክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ1965 ጀምሮ ባወጣቸው የጆኒ ዌስት ትልልቅ ፈረሰኞች ዘንድ ለስላሳ ትጥቅ ብዙ ስለሆነ ትጥቁን አውልቆ በወረቀት ከረጢት ለብቻው ማስቀመጥ ይሻላል።

ዳማ_ፈረስ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሁለት ጥያቄ ቀርቷል። የትልቁ ፈረሰኛ ኮርቻ መቀነቱ ሆዱ ሥር ደርቋል፣ ሳልሰብረው እንዴት ላውልቀው? እና የሚሸተው ፈረስ ምን ያህል እንደደረሰ የሚለካበት መንገድ አለ?

ኮርቻ_ሠሪ

ለመቀነቱ፦ ማውለቅ የግድ ካልሆነ ተወው። ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ሞቅ ሲል ሥራ፣ ቀዝቃዛ ፕላስቲክ አይታጠፍም። 45 ዲግሪ ውኃ የነከረ ጨርቅ ጨምቀህ መቀነቱ ላይ 1 ደቂቃ አድርግ፣ አብስ፣ ከዚያ መጋጠሚያውን በጥፍር ሳይሆን በስቴኪኒ ጠፍጣፋ ጎን ከውስጥ ወደ ውጭ ግፋ። ኮርቻውን ወደ ላይ አትጎትት፤ መቀነቱ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በኋላ ራሱ ይነሳል። ይህም ለጤነኛው ብቻ ነው። የሚሸተው ፈረስ ኮርቻው እንዳለ ይቆይ።

አሮጌ_ካርቶን

ለሁለተኛው አለ። ለድሮ ፊልም ጥበቃ የተሠራ ቀለም የሚቀይር የአሲድ መለኪያ ወረቀት አለ፤ ፊልምም አሲቴት ስለሆነ ለእኛም ያገለግላል። ፈረሱን ከወረቀቱ ጋር በተዘጋ ከረጢት ውስጥ በክፍል ሙቀት 24 ሰዓት አድርግ፣ ለመለኪያ ያህል ብቻ፣ ከዚያ ወዲያው አውጣው። ሰማያዊ ከሆነ 0፣ ማለትም ደህና ነው። ወደ አረንጓዴ ከሄደ ጀምሯል። 1.5 ሲደርስ በራሱ መፋጠን የሚጀምርበት ደረጃ ነው። ቢጫ ከሆነ 3 ነው፤ ያን ጊዜ በየአቅጣጫው ፎቶ አንሳው፣ ልኩን በካሊፐር መዝግብ፣ የደህናዎቹ መደርደሪያ ካለበት ክፍል አውጣው። የቀሩትንም አሲቴቶች በየ6 ወሩ በዚሁ ወረቀት ፈትናቸው፤ ሽታው ለአፍንጫ ከመድረሱ በፊት ወረቀቱ ይናገራል።

እስከዚያው የሚያዘነብለውን ፈረስ በእግሩ አታቁመው። ነጭ የፖሊኤቲሊን ስፖንጅ በሆዱ ልክ ቆርጠህ ከሥሩ አስገባ፣ ክብደቱ በሆዱ ላይ ይረፍ፣ ሰኮናዎቹ መደርደሪያውን ለትንሽ አይንኩ።

ዳማ_ፈረስ

ወረቀቱን አዝዣለሁ። ውጤቱን እዚሁ ክር ላይ እጽፋለሁ።